ማንም የማይወርድባት ከተማ

ያልሰማችሁ ስሙ፤ የሰማችሁም ደግማችሁ ብትሰሙ አትከስሩም! የሁለተኛው መስኮት ገዢ፣ የወረፋ አስከባሪ፣ የዝርዝር ሳንቲም ጠላት፣ የሰባት፣ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ስድስት ቲኬቶች ሁሉ የበላይ የሆነው ጋሽ ታሪፍ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲሸኝ ከኖረበት ወንበር በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ በእግሩ ሊሄድ መሆኑ ታውቋል። መንገዱ የአርባ ቀን ነው። መድረሻው ቅዱሱ ስፍራ ነው። ስለዚህ መንገዱ ይጠረግ፣ ውሻ ሁሉ ይታሰር፣ ጠጠርም ራሱን አውቆ ወደ ዳር ፈቀቅ ይበል!

መንገዱ አልተጠረገም። ውሾቹም እንደተለቀቁ ናቸው። አዋጁን ከልቧ የሰማችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከአልጋ መነሣት የማትችል።

ጋሽ ታሪፍ የወጣለት ስም ነው። ሥራው የአውቶቡስ ቲኬት መሸጥ ነው። ከመስታወት በስተጀርባ ተቀምጦ፣ አፍ በሚያህል ክብ ቀዳዳ እየተናገረ፣ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ቲኬት እያሾለከ ነው ፀጉሩ የሸበተው። የታሪፍ ሰሌዳው በስተግራው ተሰቅሏል፤ እሱ ግን ዞር ብሎ አያየውም፤ ሌላው ሰው ጸሎቱን በቃሉ እንደሚያውቅ እሱ ሰሌዳውን በቃሉ ያውቀዋል። ከተሞችን የሚጠራቸው በስማቸው ሳይሆን በዋጋቸው ነው። «ያ ሰውዬ የአሥራ ስድስት ልጅ ነው» ይላል። «ዘንድሮ አሥራ ሁለት ላይ ዝናብ ጠፋ አሉ» ይላል። ስለ አንዲት ሙሽራ ሲወራ ሰምቶ፣ «ከዘጠኝ ተነሥታ ሃያ አንድ ገባች? ታድላለች!» ብሎ መስኮቱን ከፍቷል። ከነዚህ ከተሞች አንዱንም በዓይኑ አላየም። የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ በነፃ የሚሳፈርበት ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ አራት ቦታ ተቀደደ እንጂ አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም። ወዴት ይሂድበት? ዓለም ሁሉ ወደ እሱ መስኮት እየመጣ!

ሚስቱ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ ልጃቸው በሦስት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት አልለቅ ሲለው፣ «ልጄን ማርልኝ እንጂ ቅዱሱ ስፍራ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ፣ አደገ፣ ጢም አወጣ፣ ሁለት መኪና የሚያስቀይር አገር ሄዶ ቀረ። በዓመት አንዴ ይደውላል፤ ያኔም መስመሩ ይቆራረጥበታል። ስለቱ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሆቴሉ ለአጣቢዎቹ የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ ዐሥር ቀን ነው፤ መንገዱ አርባ ነው። «ለከርሞ፣ ለከርሞ» እያለች የማታውቃቸውን እንግዶች አንሶላ ስታጥብ፣ እንፋሎቱና በረኪናው ሳንባዋን ጨረሰው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነው። «ሦስት ሳምንት፤ ቢበዛ» አለ።

«መሞቱን አልፈራም» አለች ለባሏ። «ምን ብዬ ነው የምቀርበው? ስለቴን በልቼ?»

ጋሽ ታሪፍ በዕድሜው ሁሉ አንድ ትልቅ ቃል ተናግሮ ከሆነ ያኔ ነው፦ «እኔ እሄድልሻለሁ።»

«አንተ? ሱቅ ስትላክ ሁለቴ የምታርፈው?»

«ሦስቴ ነው። ግን ሳልደርስ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲለቃት እጁን ይዛ፣ «እንግዲያው እስክትደርስ እጠብቅሃለሁ» አለች። ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ነው፤ መንገዱ አርባ። በከተማው ውስጥ ከእሱ የተሻለ ደማሪና ቀናሽ የለም፤ ይህን ሒሳብ ግን አላሰላውም። አንዳንድ ሒሳብ ጮክ ተብሎ አይሰላም።

ወደ እቅዱ እንምጣ። ሰነዱ በእጃችን አለ፤ የተጻፈው በተበላሸ የቲኬት ጥቅልል ጀርባ ላይ ሲሆን ሲዘረጋ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። ስለ አርባው ቀን አይናገርም። የሚናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ባለው መንገድ የተሳላሚዎች ማኅበር በየማረፊያው አልጋም እህልም በነፃ ይሰጣል። ቸርነቱ ለምን ከአራተኛው ቀን እንደሚጀምር ማኅበሩን መጠየቅ ነው። ምናልባት ሦስት ቀን በራሱ ኪስ ያልተራበ ሰው ተሳላሚነቱ አይታመን ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ መድኃኒት ከተገዛ በኋላ የተረፈችው ገንዘብ ሦስት ቀን፣ እሱንም በቀጭኑ፣ የምታኖር ነበረች።

እቅዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ማታ አዳር፦ ሰባት። ሁለተኛው፦ አሥራ ሁለት። ሦስተኛው፦ አሥራ ስድስት። ታሪፉ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ስለሆነ ሰባት ማለት ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ የአንድ ቀን እግር። የአልጋ ዋጋን በሚመለከት ደግሞ አንድ ጥልቅ ጥናት አካሂዷል፦ «የአንድ ከተማ አልጋ ወደዚያ ከሚያደርሰው ቲኬት ዋጋ አይበልጥም፤ ቢበልጥማ ሰው በዚያው መኪና ተመልሶ ቤቱ ይተኛ ነበር።» ዳቦ ሁለት ብቻ፤ የቀረው ሰባት ላይ ይገዛል። ውኃ አንድ ጠርሙስ፤ ውኃ ይከብዳል፣ ሰባት ላይ ደግሞ ቧንቧ አይጠፋም። ሊቃውንት ከዚህ ያነሰ ጽፈው ተሸልመዋል።

ከጣቢያው በር ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ጫማውን ተቀብሎ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሶሉ ብቻ አይደለም የሞተው። ነፍሱም ወጥታለች።»

«አንተ ስፋው። ሦስት ቀን ይቻለኝ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አለ።»

«ማኅበሩ ጫማ ያድላል?»

«አልጋ ነው የሚያድለው።»

«በአልጋ ሊሄዱ ነዋ!» አለና ምስማር አፉ ውስጥ ይዞ ሳቀ። «የመጀመሪያዋን ማታስ የት ነው የሚያርፉት?»

«ሰባት።»

«ደግ አገር ነው?»

«በቀን ሰማንያ ሰው ቲኬት እቆርጥለታለሁ። ሰማንያ ሰው በየቀኑ ይሞኛል?»

ጫማ ሰፊው በዕድሜው ከዚያች በር ርቆ አያውቅምና አመነው።

የሚስቱ ታናሽ እህት ግን በቀላሉ የምታምን አይደለችም። ስፌት ሠራተኛ ናት፤ እህቷን ልታስታምም የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ገብታ ነበር፤ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንዱ በሽተኛዋ ላይ። «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ የሄደበትን ሰው ጠይቅ!» አለችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት ሰው እኔን ሲጠይቅ ነው።»

«እነሱማ ስንት ነው ብለው ነው የጠየቁህ። እንዴት ነው ብሎ የጠየቀህ አለ?»

ጥቅልሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በወጣ ዕለት ጠዋት ሚስቱን በሦስት ትራስ ደግፈው ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጧት። መረቀችው። ባረካት። ማን ማንን እንደመረቀ በውል አልታወቀም። በነፃ የሚሳፈርበትን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ «ስለት በነፃ ወረቀት አይሆንም» ብሎ። ይህችን እንኳ አትቀልዱባት። እኔም ልቀልድባት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሄደ። እስከ ረፋዱ በደንብ ሄደ፤ እንዲያውም ያፏጭ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ዳቦዎች አልቀዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጫማ ሰፊው ምስማሮች አንዷ ሶሉን አልፋ ከተረከዙ ጋር ተዋወቀች። አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ሰውነቱ ሁሉ እግር፣ እግሩ ሁሉ ቁስል ሆኖ፣ ሰባት ደረሰ።

ሰባት ምሰሶ ናት። አንዲት የብረት ምሰሶ፣ አናቷ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ «7» የሚል ጽሑፍ፣ ጽሑፉ ላይ የወፍ ኩስ። ግራው ድንጋይ ነው። ቀኙም ድንጋይ ነው፤ ትንሽ ተለቅ ይላል። ጋሽ ታሪፍ ምሰሶዋን ዞራት። አዎ፤ ከተማው ከኋላዋ ተደብቆ እንደሆነ ብሎ ዞራት።

ከዚያ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤቱ አቅጣጫ የሚመለስ አውቶቡስ መጣ። ሹፌሩ በዚህ መስመር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቷል፤ ከምሰሶዋ ሥር ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ስለሆነ ፍሬን ያዘ።

«ጋሼ? እርስዎ ነዎት? ምን ሆነው ነው? መኪና ጣለዎት?»

«ከተማው የት ነው?»

«የቱ ከተማ?»

«ሰባት ነዋ!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ፣ ሰባት እኮ ቲኬት ነው። ሰባት የሚባል ከተማ የለም።»

«በቀን ሰማንያ ሰው እኔው ራሴ...»

«ሰማንያው ሰው ሰባት ይቆርጥና አሥራ ሁለት ነዋ የሚወርደው! ተቆጣጣሪው ከዚች ምሰሶ ወዲያ አይሳፈርም። ለእኛም ከትርፉ ጥቂት ጉርሻ ጣል ያደርጉልናል። ይህን የማያውቅ በመስመሩ ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እና አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

«ለሻጩ? ምን ብለን ጋሼ? ‹እየሰረቅንዎት ነው› ብለን?»

ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን ሰማንያ ሰው የላከባት ከተማ! አንድም ሰው ወርዶባት አያውቅም። የመጀመሪያው ነዋሪዋ እሱ ሆነ፤ እሱም የሚተኛበት የለው።

«ወደ ላይ የሚሄደው መኪና ዛሬ አልፏል» አለ ሹፌሩ። «ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ። እግርዎን ልይልዎት።»

ጋሽ ታሪፍ ለመቀመጥ ብቻ ገባ። ውኃ ሰጡት፤ ጠጣ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። «ሹፌር፣ መሸ እኮ! ሰውዬው ይወርዳል ወይስ አብሮን ይሄዳል?» አለ አንዱ ከኋላ። ጋሽ ታሪፍ «እወርዳለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣም። እጁ ግን ወደ ኪሱ ገብታ ለአልጋ ያስቀመጣትን ገንዘብ አወጣችና ለረዳቱ ሰጠች። በነፃ የሚሳፈርበት ወረቀት ቤት ቀርቷላ! ቀኑን ሙሉ የሄደበት መንገድ በሠላሳ አምስት ደቂቃ አለቀ።

ቤቱ በር ላይ የሚስቱ እህት አገኘችው። አየችው፣ እግሩን አየች፣ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ምነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ከተማው የለም።»

«ምን?»

«ሰባት... የለም። ልግባ፤ እነግራታለሁ። ነገ እንደገና...»

«በየትኛው እግርህ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስማኝ። ዛሬ ከወር በኋላ እህል ቀመሰች። ‹አሁን የት ደርሶ ይሆን?› እያለች ነው የዋለችው። አሁን ተኝታለች፤ ፊቷን ብታየው! ከገባህ ገደልካት።»

«ታዲያ የት ልሂድ?»

«መንገድ ላይ ነህ» አለች። «አልገባህም? አንተ መንገድ ላይ ነህ።»

እነሆ ታላቁ ተሳላሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ በአውቶቡስ ጣቢያው ጓሮ የምትገኘው የተረሱ ዕቃዎች ክፍል ናት፤ ርዝመቷ አምስት እርምጃ፣ ወርዷ ሦስት። ባለቤት ያጡ ጃንጥላዎች፣ አንድ ክራንች፣ ክዳን የሌለው ሻንጣና የሕፃን አልጋ አብረውት ይኖራሉ። የጥበቃ ሠራተኞቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ጎረቤት እንዳያየው ቀን አይወጣም። ተረከዙ መግል ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ጫማ አላስገባም። ከቤቱ እስከዚህ ስድስት መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል።

«ዛሬስ?» ትላለች።

«ዛሬ አሥራ ሁለት ገባሁ።»

«እንዴት ያለ አገር ነው?»

«ደህና ነው። ሰፊ ነው። ዛፍ አለው።»

«ምን ዛፍ?»

«ትልቅ ዛፍ።»

«የመኪና ጥሩምባ እሰማለሁ።»

«መንገድ ዳር ነኝ እኮ፤ ሌላ ምን ይሰማ?»

«ድምፅህ ደከመ፤ የኔ ጌታ። እግርህን በጨው ውኃ ንከረው እሺ? ማኅበሩ ጨው አይከለክልህም።»

ሹፌሩ አዘነለትና ማታ ማታ ብቅ እያለ የየከተማውን ወሬ ያቀብለው ጀመር፤ የት ገበያ አለ፣ የት ድልድይ፣ የትኛው ዳገት ያስለቅሳል። ጋሽ ታሪፍ ዕድሜውን ሙሉ በዋጋ ያወቃቸውን ከተሞች አሁን በጆሮው ዛፍ እየተከለባቸው፣ ወንዝ እየሰደደባቸው ለሚስቱ ይሸጥላታል። ሹፌሩ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ በመኪና ላሳፍርዎት። ሦስት መኪና ይቀይራሉ እንጂ በሁለት ቀን ቅዱሱን ስፍራ በዓይንዎ ያዩታል» አለው።

«እሺ፤ እኔ እዚያ ሆኜ እሷ ማታ ብትጠራኝስ?» አለ። «እዚህ ብሆን ስድስት መንገድ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሞላ። ሐኪሙ መጣ፣ አዳመጠ፣ መሬቱን ሳይሆን እሷን አየ። «ምንድን ነው የምትሰጧት?» ብሎ እህቲቱን ጠየቀ። ምን ትበለው? ውሸት፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ በፊት። ሦስት ሳምንቱ አራት፣ አራቱ አምስት ሆነ። በሽተኛዋ ድና አይደለም፤ ከስታለች፣ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራታል። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን አትሞትም፤ አሥራ አንድ ሲሆን ደግሞ ነገን ታስባለች።

በዚህም የተነሣ፣ ሚስቱ በዚህ ዓለም ከቀራት ቀን አንዱንም ጋሽ ታሪፍ አላየም። እሷን ከሩቅ ያያት አንዴ ብቻ ነው። ክራንቹን ተደግፎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ከማዕዘኑ ሱቅ ጀርባ ሆኖ መስኮቱን አየ። ተቀምጣ ነበር። ባሏ በሄደበት አቅጣጫ መንገዱን ትመለከታለች። እሱ የቆመው በዚህኛው በኩል ነው። «ትንሽ ብትዞር ታየኝ ነበር» አለ ለሹፌሩ። ሹፌሩ፣ «እንኳን አልዞረች» ሊል አሰበና ተወው።

አርባው ቀን ሲቃረብ መራመዱ አቃተው። እግሩ ሳይሆን ምላሱ። አንድ ቀን ዝናብ ጣለበት፤ አንድ ቀን ድልድይ ተሰበረበት፤ አራት ቀን ሙሉ ተረከዙ አብጦ አንድ ማረፊያ ላይ ተኛ። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ ቦታው ተሳሳተ እንጂ። ለምን እንደሚያዘግም ለማንም አልነገረም፤ ግን አርባኛው ቀን ሳይደርስ ሚስቱ በስልክ እንዲህ ብላው ነበር፦

«ስትደርስ ደርሻለሁ ብቻ በለኝ። ከዚያ በኋላ አልይዝህም። በጣም ደክሞኛል፤ የያዘችኝ ያንተው መንገድ ናት።»

ዛሬ ሃምሳ ሦስተኛው ቀን ነው። ትናንት ሲደውል ስልኩን አነሣች። ትንፋሿ ይሰማል።

«ባለፈው እሑድ ሁለት ቀን ቀረኝ አልከኝ» አለች። «ሁለት ቀን ስንት ቀን ነው?»

«ዳገት ነው፤ የኔ እመቤት።»

«ውጣዋ! ምን ያዘህ?» ሳለች፤ ረጅም ሳለች። «ነገ እንድትደርስልኝ። ሰምተሃል? ስትገባም በሩን ንገረኝ። ከምን እንደተሠራ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ። ሰው ቆሞ ካላየው የማያውቀውን ነገር ንገረኝ። እኔ በአንተ ዓይን እገባለሁ።»

ሹፌሩ እስከዚያ ነድቶ አያውቅም። ጫማ ሰፊውማ ከበሩ አልራቀም። የተሳላሚዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የስፍራው ሥዕል ያለበት ካርድ በግንባር ለቀረበ ተሳላሚ ብቻ እንደሚሰጥ በትሕትና አስታውቋል። ጋሽ ታሪፍ ከጠዋት ጀምሮ የሕፃኑ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በእርሳስ በሮች ይሥላል፤ ይሰርዛል፤ ይሥላል። ደግሞ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ ዛሬም «ዳገት ነው» ቢላትስ? በደከመ ሳንባዋ ስንት ዳገት ይጭንባታል? ቢደርስስ? ደርሶ ስልኩን ሲዘጋ ማን ይቀረዋል?

አንባቢዎች ሆይ፣ እስካሁን ስትስቁ ከሆነ መልካም፣ ሳቁ፤ እኔም የጻፍኩት ለዚያ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ እዚያ ስፍራ በእግሩም ይሁን በመኪና የደረሰ ካለ፣ የደረጃውን ቁጥር ይናገር፤ በሩ ከእንጨት ነው ከብረት? ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወደ ውጭ? እሷ ሰነፍ ሰሚ አይደለችም፤ ሐሰቱን ታውቃለች። ወይም፣ ባይነግሩት ይሻላል የምትሉ ከሆነ እሱንም በሉት፤ ግን በአፋችሁ፣ ፊት ለፊት። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ተነሡና አሥራ አንድ ሳይሞላ ወደዚያች ክፍል ብቅ ብላችሁ...